ዳገት ስትወጣ ይደክምሃል?

የልብ ሕመምተኛ ምን እንደሚመስል በሰፈራችን በቅጡ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ እኔና እናቴ እንደመሰለን ሠራነው። በመጀመሪያ ሳል ሞከርን። ሳሉ ግን የሳንባ ነቀርሳ አስመሰለኝና ጎረቤቱ ብርጭቆ ይለይብኝ ጀመር። ቀጥሎ እናቴ ትንሽ እንዳነክስ አዘዘችኝ። ጥቂት ቀን ካነከስኩ በኋላ የትኛው እግሬ እንደነበር ተምታታብኝና እሱንም ተውነው።

እንዲህ ስል በሽታው ውሸት ነበር ማለቴ አይደለም። በሽታው ነበረ፤ የሚያመኝ ነገር ግን አልነበረም። ይህን ለሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ ለደርግ ቀበሌ ማስረዳት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ዕድሜያችን የደረሰውን ጠርቶ ለጤና ምርመራ ላከን። ሸሚዛችንን አውልቀን ተሰለፍን። ከፊቴ የቆመው ከአጥራችን ማዶ ያሉት የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ የካ ሚካኤል ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ አብረን ኳስ ስንራገጥ ያደግን ጓደኛዬ። መርማሪው ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አሳርፎ ወዲያው አነሣና አሳለፈው። እኔ ላይ ሲደርስ ግን ከደረቴ ወደ ብብቴ፣ ከብብቴ ወደ ጀርባዬ እያዞረ ቆየ። ተንፍስ አለኝ። አትተንፍስ አለኝ። በግራ ጎንህ ተኛ አለኝ። ጓደኛዬ ሸሚዙን እየቆለፈ ዞር ብሎ "ምን አገኘብህ፣ ሬዲዮ ነው እንዴ የዋጥከው?" ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ከነበርነው የኳስ ሜዳ ልጆች ሳልወሰድ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ወደ ሆስፒታል ተላክሁ። ራጅ ተነሣሁ፤ የልብ ምት የሚጽፍ ማሽን ላይ ተኛሁ፤ በመጨረሻ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ አንድ ሐኪም እናቴንና እኔን አስቀምጠው አስረዱን። በልጅነቴ ደጋግሞ የያዘኝ የጉሮሮ ሕመም ጣጣው ልቤ ላይ ደርሷል፤ ከልቤ በሮች አንዱ ደርቆ ጠቧል፤ ያ የሚሰማው ድምፅ ደሙ በጠባቡ በር ሲያልፍ ነው።

"አሁን ምንም አይሰማውም። ምንም ሳይሰማው ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል" አሏት እናቴን። "ጉሮሮው እንዳይመለስበት በየወሩ ፔኒሲሊን ይወጋል። በየስድስት ወሩ ደግሞ እኔ አየዋለሁ።"

"ኦፕሬሽን አያስፈልገውም?"

"ሳይደክመው ከነካነው ያለ ምክንያት እንጎዳዋለን። ከደከመው በኋላ ከዘገየን ደግሞ አንደርስለትም። ጊዜው መቼ እንደሆነ የሚነግረኝ እሱ ነው።" ወደ እኔ ዞሩ። "ድካም ሲጀምርህ አትደብቀኝም። ገባህ?"

ገብቶኛል አልኩ። እናቴ የገባት ግን ሌላ ነው። "እንዲህ ከሆነ አይወስዱትማ?" አለች። ሐኪሙ በዚህ ልብ ወታደር እንደማይኮን ነገሯት። እናቴ በልጇ ልብ መታመም እልል ልትል ምንም አልቀራት። አልፈርድባትም። አባቴ ገና በልጅነቴ ሞቶ ከኔ በቀር ማንም አልነበራትም፤ ወደ ሰሜን በመኪና ተጭነው ከሄዱት የሰፈራችን ልጆች ውስጥ ደግሞ የተመለሰ ገና አላየንም።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። የሐኪሙን ወረቀት ይዘን ቀበሌ ስንሄድ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ትቶ እኔን ከእግር እስከ ራስ አየኝ። ጉንጬ የሞላ፣ ትከሻዬ የሰፋ ጎረምሳ ነበርኩ።

"ይሄ ነው በሽተኛው?" አለ። "ለዚህ ዙር ይለፍ። ለሚመጣው እናየዋለን። ደህና ሆኖ ካገኘነው እርስዎም ይጠየቁበታል።"

በዚያን ጊዜ የውሸት የሐኪም ወረቀት የሚያሠራው ብዙ ስለነበር ቀበሌው ከወረቀት ይልቅ ዓይኑን ያምን ነበር። እናቴ ከቢሮው ስትወጣ ነገሩን ጨርሳ ነው የወጣችው። ልጇ የታመመ መምሰል ነበረበት።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን በር ላይ አስቀምጣ የሰፈሩን ሴት ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ማን እንዳለፈና ማን እንደመጣ ከሷ አያመልጥም። የምትኖረው የሰውን ልብስ በልኩ አድርጋ በመስጠት ነው። እኔ ላይ ግን ሙያዋን ገለበጠችው። ኮቴንና ሸሚዞቼን ፈትታ ከልኬ በላይ አሰፋቻቸው። የኮቱ ትከሻ ወደ ክንዴ ወረደ፤ አንገቴ በኮሌታው ውስጥ ቀጥኖ ታየ። ብዙም ሳይቆይ የቤተ ክርስቲያን ሰው "ምነው ልጁ እንዲህ ከሳ?" እያለ እናቴን ያጽናናት ጀመር። እኔ እንደሁ ተቀምጬ ስበላ እንዲያውም ወፍሬ ነበር።

የቀረውን የሰጡን ሐኪሙ ናቸው፤ ሳያውቁት። በሄድን ቁጥር ያንኑ ይጠይቁኛል። ዳገት ስትወጣ ይደክምሃል? ተኝተህ ሳለ ትንፋሽ አጥሮህ ትነቃለህ? ትራስ ትደራርባለህ? እግርህ ያብጣል? እኔ "የለም፣ የለም" እላለሁ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች። ከሆስፒታሉ በር ወጣ እንዳልን "ትራስ አሉ አይደል?" ትላለች። በማግስቱ በረንዳው ላይ ትራስ ተደራርቦ ይጠብቀኛል። እግር ያብጣል ከተባለ በኋላ ጫማዬን ነጥቃ የአባቴን ሰፊ ነጠላ ጫማ አስጠለቀችኝ። ሐኪሙ እንዳይመጣብኝ የሚፈሩትን ሁሉ እናቴ አስቀድማ አመጣችው። በመካከላችን ሕጉ ግልጽ ነበር፦ ለሐኪሙ እውነቱን፣ ለሰፈሩ የሐኪሙን ጥያቄ።

መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር። ማታ በር ዘግተን የሊቀመንበሩን አስተያየት እያስመሰልኩ እናቴን በሳቅ አፈርሳታለሁ። ከዚያ ዙሩ በዙር ላይ ተደራረበ፤ እኔም ጋቢ ለብሼ በረንዳ ላይ የምውል ሰው ሆንኩ። ሥራ ልቀጠር ብል የቀበሌ ድጋፍ ይጠይቁኛል። ወደ መሀል ከተማ ልውረድ ብል አፈሳ አለ፤ መጀመሪያ መኪናው ላይ ይጭኑሃል፣ ስለ ልብህ የምታወራው ከዚያ በኋላ ነው። ኳስ አይታሰብም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ጎብጠው በደጃችን ሲያልፉ እኔን፣ ተደግፌ የተቀመጥኩትን፣ "እግዜር ይማርህ" ይሉኛል። አንዲት ደስ የምትለኝ ልጅ ነበረች፤ ስታልፍ በሐዘኔታ አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። እንዲያ ከምታየኝ ሰላም ባትለኝ እመርጥ ነበር።

አንድ የክረምት ቀን እናቴ ከቦኖ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጭቃው አዳለጣትና ከነጀሪካኗ ደጃችን ላይ ወደቀች። ዘልዬ ተነሣሁ። ከጀርባዋ ሊቀመንበሩ ከሁለት ጠባቂዎች ጋር እየመጣ ነበር። እናቴ ከወደቀችበት ሆና ቀና ብላ አየችኝ፤ ቁጭ በል የሚል ዓይን ነው። ቁጭ አልኩ። ጉልበቷ እየደማ፣ ውሃው በጭቃው ላይ እየፈሰሰ፣ እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ትራሴን ተደገፍኩ። ያነሧት ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። ያን ቀን ልቤን ጠላሁት። ቢያመኝ ኖሮ ቢያንስ ይወጣልን ነበር፤ ወይ ታማሚ፣ ወይ ደህና። ሌሊቱን ጆሮዬን ትራስ ላይ ተጭኜ ሳዳምጠው በሰላም ይመታ ነበር።

እኚህን ጎረቤታችንን እትዬ ነው የምላቸው። ደጃቸው ላይ እንጨትና ቅጠል ይሸጣሉ። በምርመራው ሰልፍ ከፊቴ የነበረው ጓደኛዬ ልጃቸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን በሰው እጅ ደብዳቤ ይመጣላቸው ነበር፤ በኋላ ቀረ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እኔ ጋ ጎራ ብለው ቆሎ በመሀረብ ቋጥረው ይሰጡኝና ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ።

"ትንፋሹ እንዴት ነው፣ ልጄ?"

"ያው ነው፣ እትዬ" እላለሁ፤ እጄን ወደ ደረቴ ወስጄ ጥቂት እተነፍሳለሁ። ትኩር ብለው ያዩኛል። ከሊቀመንበሩ ፊት ማስመሰል ያን ያህል አልከበደኝም፤ ከሳቸው ፊት ግን ላብ ያጠምቀኝ ነበር። እናቴም ከቀበሌው ይበልጥ የምትፈራው እሳቸውን ነው። "ልጇ የሄደባት እናት ናት" ትለኛለች፤ "አንድ ቀን ቢመራት አልፈርድባትም።"

ዓመታት በዚህ አለፉ። አንድ ቀን ሐኪሙ እንደወትሮው ደረቴን ሲያዳምጡ ቆዩና "ዳገት ስትወጣ ይደክምሃል?" አሉኝ።

"የለም።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ለመጨረሻ ጊዜ ዳገት የወጣኸው መቼ ነው?"

 የካ ተወልጄ፣ ተራራው ከጓሮዬ ጀምሮ፣ መቼ እንደወጣሁ ማስታወስ አልቻልኩም።

"ሩጫስ? ውሃ መሸከምስ?"

"ኧረ ዶክተር፣ እኔ እያለሁ ምን አድርጎ ይሸከማል?" አለች እናቴ።

"እንግዲያው መልሱ 'አይደክመኝም' አይደለም፤ 'አላውቅም' ነው" አሉ። ከዚህ በፊት ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ድምፃቸው ከረር አለ። "የልብህ ድምፅ ካለፈው ጊዜ ተለውጧል። ከውጭ የሚመጡ የልብ ቀዶ ሐኪሞች አሉ። ሲመጡ የሚያዩት ጥቂት ሰው ነው፤ እሱም መድከም የጀመረውን ነው። ስምህን ልስጥ ወይስ ልተው? ይህን የምትነግረኝ አንተ ነህ። ሂድና እንደ ጤነኛ ሰው ዳገት ውጣ፤ የሆነውን መጥተህ ንገረኝ።"

እንደ ጤነኛ ሰው ውጣ። አፍ ላይ ቀላል ነው። ሰፈሩ እያየኝ ዳገቱን እንደ ጤነኛ ከወጣሁት ለሚመጣው ዙር እጄን ይዘው ይወስዱኛል። ካቃተኝ ደግሞ ደረቴ ይቀደዳል፤ ያውም ዕድል ካገኘሁ። ካልወጣሁ ሐኪሙ በጨለማ ይቀራሉ፣ እኔም በረንዳዬ ላይ።  ከአውቶቡስ ወርደን ጥቂት እንደሄድን "ጠበል" አለች።

ተራራው ላይ ወዳለው ጠበል በሽተኛ ቢወጣ ማን ምን ይለዋል? የኅዳር ሚካኤል ዕለት እንዲሆን ቆረጠች። ሰዎች ካዩኝ ታምሜ ነው፤ ካላዩኝ እንደ ልቤ እሄዳለሁ። ያላሰበችው አንድ ነገር ብቻ መጣ። እትዬ ለልጃቸው ስለት ስላለባቸው አብረውን እንደሚወጡ ነገሩን፤ እንቢ የምንልበት አፍ አልነበረንም።

ቤት በሚበዛበት በኩል እንደ ልማዴ አሥር ቦታ እየቆምኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ እያደረግኩ ሄድኩ። ያገኘን ሁሉ መረቀኝ። ቤቶቹ አልቀው ባሕር ዛፉ ሲጀምር መንገዱ ባዶ ሆነ። ከታች ከተማው ቆሻሻውን እያቃጠለ ነበር፤ በኅዳር ሚካኤል ሁሌ እንደዚያ ነው፤ ጭሱ ግን እኛ ጋ አይደርስም። እናቴና እትዬ ወሬ ይዘው ወደ ኋላ ቀሩ። ማንም አያየኝም። እግሬን ለቀቅኩት።

ደስ አለኝ። ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ የአባቴን ጫማ እየጎተትኩ፣ ሽቅብ ተወረወርኩ። ኳስ ሜዳው ትዝ አለኝ፤ ጓደኛዬ ኳስ ይዞ ሲያመልጠኝና ስከተለው። ብዙም ሳልርቅ አየሩ አነሰኝ። አፌን ከፍቼ እስባለሁ፤ የሳብኩት የትም አይደርስልኝም። ደረቴ ውስጥ የሚደበድብ ነገር ጆሮዬ ድረስ ይሰማኛል። በመጀመሪያ ያሰብኩት ልማድ ሆኖብኝ ነው የሚል ነበር። ተው፣ ማንም የለም፣ አልኩት ራሴን። አልተወኝም። አንድ ባሕር ዛፍ አቅፌ ግንባሬን ግንዱ ላይ ደገፍኩ። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

እናቴ ደረሰች። እትዬ ከኋላዋ እየመጡ ነበር። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ "ጎሽ፣ እንዲያ ነው፤ እያየችህ ነው" አለችኝ።

ልመልስላት አልቻልኩም። ትንፋሽ አልነበረኝም።

እትዬ የጠበል ጀሪካናቸውን መሬት አስቀመጡ። "አንቺ፣ ልጁን አሞታል እኮ" አሉ።

"እሱማ ሁሌም እንዳመመው ነው። አዲስ ሆነብሽ?"

"የበረንዳውን አውቀዋለሁ። እዚያ ሲያመው ወደ እኔ እያየ ነው፤ አየችኝ አላየችኝ እያለ። ዛሬ ፊቱን አዞረብን።"

የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። "ምን ማለትሽ ነው?"

"ምንም ማለቴ አይደለም። የኔም ቢቀርልኝ ትራሱን እኔው እደራርብለት ነበር።" ይህን ብለው ነጠላቸውን ቅጠሉ ላይ አነጠፉና በብብቴ ይዘው አስቀመጡኝ። ትንፋሼ እስኪመለስ ጀርባዬን ያሹልኝ ነበር። እናቴ እንደቆመች ቀረች። ጠበሉ ጋ ሳንደርስ ተመለስን፤ እትዬም ስለታቸውን ለሌላ ቀን አደረጉት።

ቤት ገብተን በር እንደዘጋን እናቴ መቀመጥ አቃታት። "ታውቅ ኖሯል። ይህን ሁሉ ዓመት ታውቅ ኖሯል። ትናገር ይሆን?"

"እማዬ፣ እውነት ደክሞኝ ነው።"

"አዎ፣ አዎ፣ ጥሩ አድርገሃል" አለችኝ፤ ሐሳቧ አጥሩ ማዶ ነበር።

እትዬ ለማንም አልተናገሩም። በቀጣዩ እሑድ ቆሏቸውን ይዘው መጡ፤ ስለ ትንፋሼ ግን አልጠየቁኝም።

ሆስፒታል የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

"እሺ፣ ዳገቱ እንዴት ነበር?"

"ደከመኝ" አልኩ። "ሳላጋምሰው ቆምኩ። ትንፋሽ አጠረኝ።"

እናቴ ሳቀች፤ ስታፍር የምትስቀው ሳቅ ነው። "ኧረ ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ልማድ ሆኖበት ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ እጄን መታ መታ አደረገችው። "ልጄ፣ እዚህ እኮ ቀበሌ የለም። ለሳቸው እንኳ እውነቱን ንገራቸው።"

ምን ብዬ እንደማሳምናት አላወቅኩም። እጅን ደረት ላይ ማድረግ፣ ትንፋሽ መቁረጥ፣ ዓይንን መጨፈን፣ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ የቱን ባሳያት ታምነኛለች? እንባዬ መጣ። እንዳታይብኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እጄን ይመታ የነበረው እጇ ቆመ። ሐኪሙ "እናት?" አሏት።  እጇ ቀስ ብሎ ወደ ትከሻዬ ወጣ፤ ራሷ ያሰፋችውን የኮቴን ትርፍ ጨርቅ ጨብጣ ያዘች።

"ይደክመዋል" አለች።